የገጽ ታማኝነት

ይዘትና ቅርጽ የማይነጣጠሉ ናቸው የሚለው አባባል በኪነ ጥበብ ውይይት ላይ እጅግ ከመደጋገሙ የተነሣ፣ ትርጉሙን መርምሮ የሚቀበለው ሰው ጥቂት ነው። ስለ ሥዕል፣ ስለ ሙዚቃ ወይም ስለ ቴያትር ሲነሣ ሁላችንም እንስማማበታለን። ስለ መጽሐፍ ሲነሣ ግን ውይይታችን በደራሲው ቃላት ላይ ብቻ ይቆማል። ቃላቱ የሰፈሩበት ገጽ፣ የመስመሩ ርዝመት፣ የኅዳጉ ስፋት፣ የፊደሉ መጠን፣ የጥራዙ ዓይነት እንደ ማተሚያ ቤት ጉዳይ ተቆጥሮ ይታለፋል። ደራሲው ይጽፋል፣ ማተሚያ ቤቱ ያትማል፣ አንባቢው ያነባል ተብሎ ነገሩ ይዘጋል። በእነዚህ መካከል ቃልን ወደ ገጽ የሚለውጥ አንድ ሌላ ሰው፣ ማለትም የመጽሐፉ ንድፍ አውጪ፣ መኖሩን የሚያስታውስ ብዙ የለም።

እርግጥ ነው፣ አብዛኛው ጽሑፍ ይህን ሰው አያስጨንቀውም። ታሪክ የሚተርክ ልብ ወለድ ወይም አንድን ጉዳይ የሚያስረዳ ድርሰት ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው እንደ ወንዝ ይፈሳል። ንድፍ አውጪው የሚጠበቅበት ወንዙ የሚወርድበትን ቦይ አስተካክሎ መቅደድ ነው። ይሁን እንጂ በቦይ ለመውረድ እሺ የማይል ጽሑፍም አለ። በአንድ ጊዜ ሁለት ድምፅ የሚያሰማ፣ ዝምታን እንደ ቃል የሚቆጥር፣ ከዓይን ይልቅ ለጆሮ የተጻፈ፣ ወይም መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው ጽሑፍ አለ። እንዲህ ያለው ጽሑፍ በንድፍ አውጪው ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ ንድፍ አውጪው ታማኝ መሆን ያለበት ለማን ነው? ለደራሲው ነው? ለአንባቢው ነው? ወይስ ወረቀቱንና ድካሙን ለሚችለው ኅብረተሰብ? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የውበት ጥያቄ ይመስላል፤ ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ግን የግብረ ገብ ጥያቄ ሆኖ እናገኘዋለን።

በዚህ ጉዳይ ላይ በጣም የታወቀውን አንድ አቋም አስቀድመን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1930 ቢያትሪስ ዎርድ የተባለች የሕትመት ጥበብ ተመራማሪ ለንደን ውስጥ ባደረገችው ንግግር፣ ጥሩ የገጽ ቅንብር የማይታይ ቅንብር ነው ስትል ተከራከረች። ምሳሌዋ የወይን ጠጅ ብርጭቆ ነበር። ጠጁን የሚወድ ሰው ቀለሙን አጥርቶ ማየት ስለሚሻ፣ በወርቅ ካጌጠው ጽዋ ይልቅ ጥርት ያለውን ብርጭቆ ይመርጣል፤ አንባቢም እንዲሁ ፊደሉን ሳይሆን በፊደሉ በኩል የሚመጣውን ሐሳብ ማየት አለበት ባይ ነች። ይህ አስተያየት በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ከትሕትና የመነጨ ነውና። ንድፍ አውጪው ራሱን በደራሲውና በአንባቢው መካከል እንዳይገትር፣ ሌላው ለደከመበት ሥራ ጭብጨባውን እርሱ እንዳይቀበል ያስተምራል።

ሆኖም ምሳሌው አንድ ያልተነገረ ግምት አለው። ጽሑፍ ሁሉ እንደ ጠጅ ፈሳሽ ነው፤ በየትኛውም ዕቃ ቢቀዳ ያው ነው ብሎ ይነሣል። ፈሳሽ ያልሆነውን ጽሑፍ ግን ምን እናድርገው? ዳቦን በብርጭቆ ማቅረብ ትሕትና አይባልም፤ ዳቦው ዳቦ መሆኑን አለማወቅ ነው። ስለዚህ የዎርድን ትምህርት ተቀብለን፣ የማይሠራበትን ድንበር መፈለግ ይገባናል። ድንበሩን ለማግኘትም ወደ ሩቅ አገር ከመሄዳችን በፊት በራሳችን የብራና መጻሕፍት መጀመር ይቻላል።

መዝሙረ ዳዊት በብራና ሲጻፍ እንዴት እንደሚቀመጥ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳል። ሌሎች ብዙ መጻሕፍት በሁለት ወይም በሦስት ዓምድ ሲጻፉ፣ መዝሙሩ ግን በአንድ ዓምድ ይጻፋል፤ እያንዳንዱም ሐረግ የራሱን መስመር ይይዛል። ሐረጉ ረዝሞ ከመስመሩ ሲተርፍ ጸሐፊው ትርፉን እንደ አዲስ መስመር አያወርደውም፤ በመስመሩ ጫፍ ከላይ ወይም ከታች ባገኘው ባዶ ቦታ አጠጋግቶ ያሰፍረዋል። በዚያው ጥራዝ መጨረሻ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን ሲመጡ ደግሞ ገጹ ወደ ሁለት ዓምድ ይለወጣል። ጸሐፊው ብራናውን በወስፌ ወግቶ መስመሩን ሲያሰምር፣ የሚመጣው ጽሑፍ ምን ዓይነት እንደሆነ ቀድሞ ማወቅ ነበረበት ማለት ነው። ብራና እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ ነገር አልነበረም፤ አንድ መጽሐፍ የብዙ በግና ፍየል ቆዳ ይፈልጋል። በየመስመሩ ጫፍ የሚቀረው ባዶ ቦታ ሁሉ የተከፈለበት ቦታ ነው። ያም ሆኖ ጸሐፊዎቹ ቦታውን አልነፈጉም። ምክንያቱም መዝሙር የሚደገም እንጂ እንደ ታሪክ የሚነበብ አይደለም፤ ደጋሚው ትንፋሹን የሚሰበስበው በሐረጉ መጨረሻ ነው። የመስመሩ መጨረሻ ለትንፋሹ ምልክት ሆኖት ይኖራል።

ድጓ ደግሞ ከዚህ አንድ እርምጃ አልፎ ይሄዳል። በድጓ ገጽ ላይ ሁለት ጽሑፎች በአንድነት ይኖራሉ፤ አንደኛው ቃሉ፣ ሁለተኛው ዜማው ነው። ከቃሉ በላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፉት ምልክቶች፣ እንዲሁም ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት እየተባሉ የሚጠሩት የዜማ ስልቶች፣ ድምፁ የት እንደሚነሣና የት እንደሚወድቅ ለመሪው ይነግሩታል። ሊቃውንቱ እንደሚሉት ይህን የምልክት ሥርዓት ያቀናጁት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው። ከዚያ ወዲህ የድጓ ጸሐፊ ቃሉን ሲጽፍ ገና ላልጻፈው ዜማ ቦታ እየተወ መጻፍ ግድ ሆነበት። በሁለት መስመሮች መካከል ያለው ክፍተት ለሌላው መጽሐፍ ዕረፍት ሲሆን፣ ለድጓ ግን ሌላ ንባብ የሚሰፍርበት ሥራ ያለው ቦታ ሆነ።

እነዚህ ጸሐፊዎች አዲስ ነገር ለመፍጠር ወይም ለመደነቅ አልተነሡም። በጽሑፉ ውስጥ ያለውንና ጽሑፉን የሚገለገልበትን ሰው አይተው፣ ገጹን ለሁለቱ አስማሙ እንጂ። የክታብ ጥቅልል በባለቤቱ ቁመት ልክ ይለካ የነበረውም በዚሁ አስተሳሰብ ነው፤ ጽሑፉ ሰውየውን ከራስ እስከ እግር ይጠብቃል ከተባለ፣ ርዝመቱ ከሰውየው ማነስ የለበትም። በእምነቱ የማይስማማ ሰው እንኳ በንድፉ ውስጥ ያለውን አመክንዮ ሊክድ አይችልም።

እንግዲህ ከብራና ወደ ማተሚያ መኪና ብንሻገር ተመሳሳዩን ጥያቄ በሌላ አገርና በሌላ ዘመን እናገኘዋለን። እ.ኤ.አ. በ1923 የሩስያዊው ባለቅኔ የቭላዲሚር ማያኮቭስኪ አሥራ ሦስት ግጥሞች በርሊን ውስጥ በአንዲት የኪስ መጽሐፍ ታተሙ። ርዕሷ «ለድምፅ» የሚል ነበር። ግጥሞቹ በአደባባይና በአዳራሽ በታላቅ ድምፅ እንዲነበቡ የተጻፉ ናቸው። ንድፍ አውጪው ኤል ሊሲትስኪ ይህን ሲያውቅ አንድ ተራ የሚመስል ጥያቄ ጠየቀ፦ በሕዝብ ፊት የቆመ አንባቢ ማውጫ ገልብጦ፣ የገጽ ቁጥር ፈልጎ፣ ግጥሙን እስኪያገኝ ድረስ ታዳሚው ዝም ብሎ ይጠብቀዋል? መልሱን በመቀስ ሰጠ። የመጽሐፏን ቀኝ ጠርዝ እንደ ስልክ ማስታወሻ ደብተር በደረጃ አስቆረጠና በየደረጃው ላይ የየግጥሙን ርዕስና ምልክት አሰፈረ። አንባቢው በአውራ ጣቱ አንድ ጊዜ ብቻ ገለጥ በማድረግ የሚሻው ግጥም ላይ ይደርሳል። የየግጥሙ መክፈቻ በጥቁርና በቀይ ቀለም ብቻ፣ ከፊደል መልቀሚያው ሣጥን ውስጥ ከሚገኙ ፊደላት፣ መስመሮችና ቅርጾች ተሠራ። ቃሉ የሚጮህበት ቦታ ፊደሉ ይተልቃል፤ ድምፁ ዝቅ የሚልበት ቦታ ፊደሉም ያንሳል።

የድጓው ጸሐፊና ሊሲትስኪ በዘመን፣ በእምነትና በዓላማ የሚገናኙ ሰዎች አይደሉም። አንዱ የሌላውን መኖር አያውቅም። ነገር ግን ሁለቱም ለድምፅ የተጻፈ ቃል በእጃቸው ገባ፤ ሁለቱም ገጹን እንደ ተራ የንባብ ገጽ ማስቀመጥ ቃሉን ድዳ ማድረግ እንደሆነ ተረዱ። ያልተለመደ መልክ ትክክለኛ የሚሆንበትን ምክንያት የምናገኘው በዚህ መገናኛቸው ላይ ነው። ሥራቸውን ያስከበረው መልኩ አዲስ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ አዲሱ መልክ ለአንድ ሰው እጅ፣ ዓይን ወይም ትንፋሽ አንዳች አገልግሎት መስጠቱ ነው።

ዝምታንም ማገልገል ይቻላል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ስቴፋን ማላርሜ ስለ ዛህራ ጠጠር ውርወራና ስለ አጋጣሚ በጻፈው የመጨረሻ ታላቅ ግጥሙ፣ ቃላቱን በገጹ ላይ በትኖ፣ በተለያየ የፊደል መጠን ለያይቶ፣ በመካከላቸው ሰፊ ነጭ ቦታ ተወ። ለእርሱ የንባብ መለኪያው አንድ ገጽ አልነበረም፤ ግራና ቀኙ በአንድነት የሚታዩበት ክፍት መጽሐፍ ነበር። ግጥሙ እ.ኤ.አ. በ1897 በአንድ መጽሔት ላይ ሲወጣ ግን ሁለቱን ትይዩ ገጾች እንደ አንድ መስክ የሚያይ አቀማመጥ አልተገኘለትም። ባለቅኔው በማግስቱ ዓመት ሞተ፤ ለሐሳቡ የቀረበው መጽሐፍ የታተመው በ1914 ነው። አንድ ደራሲ ስለ ነጭ ወረቀት ሲከራከር ብዙ ሰው የቅንጦት ጥያቄ ይመስለዋል። ነገር ግን በግጥሙ ውስጥ ነጩ ቦታ ቃሉን የሚከብበው ዝምታ ከሆነ፣ ነጩን ቦታ ማጥበብ ከስንኙ ቃል የመሠረዝ ያህል ነው። ደራሲው ሞቶ መናገር በማይችልበት ጊዜ ይህን የሚጠብቅለት ንድፍ አውጪው ብቻ ነው። ታማኝነት የሚፈተነውም ጠያቂ በሌለበት ጊዜ ነው።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ያልተለመደውን መልክ የሚደግፍ ነው። ነገር ግን ሁሉን የሚደግፍ ክርክር አንዱንም አይደግፍምና፣ ስለ ክህደቱም መናገር ያስፈልጋል። ንድፍ አውጪ ጽሑፍን የሚከዳባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው ጌጥ ነው። ጽሑፉ ያልጠየቀውን ጠመዝማዛ መስመር፣ የተገለበጠ ፊደል፣ ገጽ የሚሞላ ምልክት እየጨመሩ አዲስ ለመምሰል መሞከር ነው። በእርሳስ ፊደል ዘመን ይህን የሚገታ ነገር ነበር። የማተሚያው ክፈፍ አራት ማዕዘን ነው፤ ፊደሉም አራት ማዕዘን ነው። አንድን መስመር አጋድሞ ለማቆም ፊደል ለቃሚው ዙሪያውን በሽብልቅ እየደገፈ ለሰዓታት መድከም ነበረበት። የሊሲትስኪን መጽሐፍ በፊደል የለቀመው ጀርመናዊ ሩስኛ አያውቅም ነበር፤ የማያነበውን ቃል በንድፍ ወረቀቱ እየተመራ አቆመው። እንዲህ ያለ ድካም ከሌላ ሰው የሚጠይቅ ንድፍ አውጪ በቂ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ዛሬ ገጽ የሚቀናበረው በኮምፒዩተር ነው፤ መስመር ለማጋደል ጣት ማንቀሳቀስ ይበቃል። ድካሙ ሲቀር ከልካዩም አብሮ ቀረ፤ ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ በንድፍ አውጪው ኅሊና ላይ ወደቀ። ቀላል የሆነ ነገር ሁሉ የተፈቀደ አይደለም።

ሁለተኛው ክህደት ከመጀመሪያው ይልቅ ረቂቅ ነው፤ ከመልካም አሳብ የሚመነጭ በመሆኑም ለመለየት ያስቸግራል። ይኸውም ማብራራት ነው። ለምሳሌ አንድ ንድፍ አውጪ ሰምና ወርቅ ያላቸውን ግጥሞች የያዘ መጽሐፍ እንዲያዘጋጅ ቢሰጠው ምን ያደርጋል? ያልተለመደ ጽሑፍ ነው፤ ሁለት ትርጉም በአንድ ቃል ተሸክሟል። ስለዚህ ኅብረ ቃሉን በቀይ ቀለም ላትመው፣ ሰሙን በግራ፣ ወርቁን በቀኝ ዓምድ ላስቀምጠው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። የጽሑፉን መዋቅር በገጹ ላይ እያሳየ ነው። ነገር ግን በዚያው ቅጽበት ቅኔውን ገድሎታል። የቅኔ ሕይወቱ ወርቁ ተሰውሮ መቆየቱና ሰሚው በራሱ ልብ አቅልጦ ማውጣቱ ነው። ሰሙን ለአንባቢው አስቀድሞ ማቅለጥ የአንባቢውን ድርሻ መንጠቅ ይሆናል። ለቅኔ ታማኝ የሆነው ገጽ ምስጢር የሚጠብቅ ገጽ፣ ማለትም ዝም ያለው፣ ተራ የሚመስለው ገጽ ነው። የዎርድ ጥርት ያለ ብርጭቆ ከዎርድ በማይጠበቅ ምክንያት እዚህ ላይ ትክክል ሆኖ ይገኛል።

የአንድምታ ትርጓሜም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጠናል። አንድ ንባብ ሦስትና አራት ፍቺ ሲኖረው፣ መምህሩ «አንድም» እያለ ይደረድራቸዋል። ፍቺዎቹን ጎን ለጎን በዓምድ ብንደረድራቸው እኩልነታቸው ይበልጥ የሚታይ ይመስለን ይሆናል። ሆኖም «አንድም» የምትለው ቃል ራሷ ያንን ሥራ ሠርታ ጨርሳለች፤ የሚከተለው ፍቺ የቀደመውን እንደማይሽረው በእርስዋ ታውቋል። ቋንቋው ራሱ የቀነበረውን ነገር ገጹ እንደገና ልቀንብር ቢል ትርፉ ድግግሞሽ ነው። ለመምህርና ለተማሪ አርዕስቱን በቀለም መለየት ይበቃል።

ከእነዚህ ሌላ የወጪና የተደራሽነት ጥያቄ አለ፤ ይህ ጥያቄ መምህራንን በተለይ ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ1969 እንግሊዛዊው ደራሲ ቢ. ኤስ. ጆንሰን «ዕድለ ቢሶቹ» ሊባል የሚችል ልብ ወለድ አሳተመ። መጽሐፉ ያልተጠረዙ 27 ክፍሎችን በሣጥን የያዘ ነበር። መጀመሪያውና መጨረሻው ብቻ ተለይተዋል፤ የቀሩትን አንባቢው በፈለገው ቅደም ተከተል ያነባቸዋል። ነገሩ የሚያወሳው በካንሰር ስለ ሞተ ወዳጅ ነው። ሐዘንተኛ ሰው የሞተውን ወዳጁን በቅደም ተከተል አያስታውሰውም፤ ሣቁ ከሕመሙ ቀድሞ፣ ቀብሩ ከመጀመሪያው ትውውቅ ቀድሞ ትዝ ይለዋል። ስለዚህ ሣጥኑ ጨዋታ አልነበረም፤ የሐዘን ሥርዓት አልባነት ሌላ መልክ ስላልተገኘለት የተፈጠረ ነው። ያም ሆኖ ሥራው በሃንጋሪኛ ሲታተም በወጪ ምክንያት እንደ ማንኛውም መጽሐፍ ተጠርዞ ወጣ። ይህ ጉዳት ነው? አዎን፣ ጉዳት ነው። ጭራሽ ሳይነበብ ከሚቀር ግን በጉዳቱ ውስጥ መነበቡ ይሻላል። ንድፍ አውጪ መልኩን በድህነት ምክንያት ቢቀንስ አይወቀስም። የሚወቀሰው ምን እንደቀነሰ ሳያውቅ ወይም ለአንባቢው ሳይነግር ሲቀር ነው። መዝሙርን ወረቀት ለመቆጠብ እንደ ተራ ንባብ አያይዞ ማተም ይቻላል፤ ነገር ግን ሐረጉ የት ያበቃ እንደነበር ምልክት ሳይተው የሚያትም ሰው ለሚቀጥለው ትውልድ ዕዳ አውርሷል።

እዚህ ላይ ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ አለ። ያልተለመደ መልክ ለጥቂት ምሁራን እንጂ ለሰፊው ሕዝብ አይመችም፤ ሰፊው ሕዝብ የሚሻው የለመደውን ነው ይባላል። ተቃውሞው ከሕዝብ ፍቅር የመነጨ ይመስላል፤ በውስጡ ግን ንቀት አለበት። የመዝሙረ ዳዊትን ገጽ ከሁሉ አስቀድመው የተማሩት ሕፃናት ነበሩ። ፊደል ቆጥረው፣ ንባብ ተምረው፣ ዳዊት ሲደግሙ፣ ሐረጉ በመስመር ላይ ተንጠልጥሎ ሲያዩት አልተደናገሩም፤ መልኩ ለሥራቸው ረዳቸው እንጂ። የማያኮቭስኪ መጽሐፍ ደረጃ ያለው ጠርዝም የተቆረጠው ለቤተ መጻሕፍት ሊቅ ሳይሆን በሕዝብ ፊት ለሚቆም አንባቢ ነበር። ሕዝብ የሚሸሸው ያልለመደውን አይደለም፤ የማይጠቅመውን ነው። አንድ አንባቢ ያልተለመደ ገጽ ገጥሞት ከጥቂት ድካም በኋላ «ለካስ ለዚህ ነው» ካለ ንድፍ አውጪው ተሳክቶለታል። ድካሙ አልቆ ምክንያቱ ካልተገኘ ግን ጥፋቱ የአንባቢው አለመማር አይደለም።

እንግዲህ ያልተለመደ ጽሑፍ የቀረበለት ንድፍ አውጪ፣ ወይም እንዲህ ያለውን መጽሐፍ መርምሮ እንዲታተም የሚፈቅድ ሰው፣ ሦስት ነገሮችን ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል። አንደኛ፣ ይህን መልክ ብናስቀረው ከጽሑፉ የሚጎድል ትርጉም አለ? ከሌለ መልኩ ጌጥ ነው። ሁለተኛ፣ መልኩ ለአንባቢው አንድ ሥራ ያቀልለታል ወይስ አንባቢው ራሱ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ይነጥቀዋል? ከነጠቀው መልኩ ማብራሪያ ሆኗል። ሦስተኛ፣ ለዚህ መልክ የሚከፈለው ወረቀት፣ ገንዘብና የሰው ድካም መጽሐፉ ሊደርሳቸው ከሚገባ ሰዎች ያርቀዋል ወይስ ያቀርበዋል? ካራቀው የሚተው ነገር መፈለግ፣ የተተወውንም መዝግቦ ማቆየት ያስፈልጋል። እነዚህ ጥያቄዎች ለሁሉም ጊዜ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም። ድጓ ላይ ክፍተት እንዲሰፋ ያዝዛሉ፤ ቅኔ ላይ ገጹ ዝም እንዲል ያዝዛሉ። ይህ መለዋወጥ የመመሪያው ድክመት አይደለም፤ ጽሑፎች የተለያዩ በመሆናቸው የመጣ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ታማኝነት ከታዛዥነት የሚለይ መሆኑን ነው። ደራሲው ያለውን ሁሉ እንዳለ የሚያሰፍር ንድፍ አውጪ ታዛዥ ነው፤ የአንባቢውን ልማድ ብቻ የሚከተልም እንዲሁ። ታማኙ ጽሑፉን አስቀድሞ አንብቦ፣ ምን ሊሆን እንደሚፈልግ ተረድቶ፣ ለደራሲውም ለአንባቢውም አንዳንድ ጊዜ እንቢ ለማለት የሚችለው ነው። ስለዚህ የመጽሐፍ ንድፍ ትምህርት የሚጀምረው ከማስመሪያና ከቀለም አይደለም፤ ከንባብ ነው። ያላነበቡትን ጽሑፍ ማስዋብ ይቻል ይሆናል፤ ለእርሱ ታማኝ መሆን ግን አይቻልም። በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶቻችን የገጽ ቅንብርን የሚያስተምሩ መምህራን ለተማሪዎቻቸው እርሳስ ከማስያዛቸው በፊት አንድ ድጓ፣ አንድ ዳዊት፣ አንድ የግጥም መድበል በጠረጴዛው ላይ ቢዘረጉላቸው፣ ይህ መስመር እዚህ ላይ ለምን አበቃ ብለውም ቢጠይቋቸው፣ ሥራው በትክክለኛው ቦታ ይጀመራል።